የቢጫውና የጥቁሩ ሽምግልና

እኔ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚባል ጸጋ አልተሰጠኝም። ወንበር ላይ ስቀመጥ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ እግሬን ስይዘው ጣቴ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ጣቴን ስሰበስበው አፌ ይከፈታል። ከሦስቱ አፌን ፍሩልኝ። እግሬና ጣቴ እስከ ዛሬ የማንንም ሰርግ ለማፍረስ ሞክረው አያውቁም።

አምቦ ውስጥ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚሞትለት አንድ ደራሲ አለ። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ግማሻችሁ «ደግሞ እሱን ልትነካ ነው?» ብላችሁ ትነሱብኛላችሁ፣ ግማሻችሁ «እሱም ደራሲ ሆኖ!» ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ጠብ የማበርድበት አቅም የለኝም። ሰውዬው ፎቶ የለውም፤ ቃለ መጠይቅ አይሰጥም፤ መጽሐፉ ሲመረቅ እንኳ አይገኝም። አንዱ አዲስ አበባ ጫማ ሲያስጠርግ አየሁት ይላል። ሌላው ከሞተ ቆይቷል ይላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ እዚሁ አምቦ፣ ፍል ውሃው መዋኛ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ሲያስብ እንደዋለ ይምላሉ። እኔም ማረፍ የማልችል ሰው ነኝና አንድ ቅዳሜ ሄጄ እስከ አንገቱ የተነከረ ሰው ሁሉ ፊት እየቆምኩ ሳፈጥ ጥበቃው አስወጣኝ።

ብዙ አልጻፈም፤ ሰው የሚጣላው በሁለቱ መጽሐፎቹ ነው። ርዕሶቻቸው ረጃጅም ስለሆኑ በርዕስ የሚጠራቸው የለም። በሽፋናቸው ቀለም ነው የሚጠሩት፤ ቢጫውና ጥቁሩ ተብለው። የሚገርመው ሽፋናቸውን ያየ ሰው የለም። የእኛ አገር ሰው መጽሐፍ ሲዋስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ባለፈው ዓመት የግድግዳ ካሌንደር መሸፈን ነው። ስለዚህ ቢጫው የሚባለው ላይ የባንክ ሕንፃ አለ፣ ጥቁሩ የሚባለው ላይ ደግሞ ትራክተር።

በቢጫው ውስጥ አንድ ሰውዬ ገጽ ሦስት ላይ ከተወለደበት ከተማ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መሄድ ብቻ ነው። ገበያ ይገባል፣ ያልተጠራበት ድግስ ይገባል፣ ከበሬ ነጋዴ ጋር ይደባደባል፣ ሳያውቀው ይታጭና ያመልጣል። አንዴም ዞር ብሎ አያይም። በጥቁሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰውዬ አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ጓደኛውን ይጠብቃል። ዝናብ ይመጣል፣ ዝናብ ይሄዳል፣ ሰውዬው እዚያው ነው። አራት መቶ ገጽ! ይህን ሁሉ ያኔ አንብቤ ያወቅኩት እንዳይመስላችሁ። ከገመቹና ከዳዊት ጋር ስቀመጥ በጆሮዬ የለቀምኩት ነው።

ገመቹ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ዳዊት የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ያደጉ ናቸው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ አንድ ጁስ ቤት እንገናኛለን፤ እነሱ ስለ ደራሲው ያወራሉ፣ እኔ እንደገባው ሰው ራሴን እወዘውዛለሁ። ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የዳዊት አባት የታመሙ ጊዜ እንኳ ገመቹ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ከዳዊት ጋር ስለ ጥቁሩ ምዕራፍ ሰባት ሲከራከሩ ቆይተው ነው የተለያዩት።

ገመቹ ሊያገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እጮኛው ሌንሴ የምትሠራው ነቀምቴ ነው፤ ሰርጉ አምቦ ይሆንና ከዚያ እሱ ወደ እሷ ይሄዳል። ዳዊት የመጀመሪያ ሚዜ ነው፤ ሱፉም ተሰፍቷል። ያ ዓርብ የገመቹ የዝውውር ደብዳቤ የደረሰበት ቀን ነበር። ገመቹ እየሳቀ ደብዳቤውን ለዳዊት ሰጠው። ዳዊት አነበበው፣ አጥፎ መለሰለት። ከዚያ ዝም ተባለ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም። የማንጎ ጁሱ እስኪለያይ ድረስ ዝም። እግሬ ጀመረ፣ ጣቴ ቀጠለ፣ አፌ ተከፈተ።

«እኔ ምለው ግን፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ቢጫው ወይስ ጥቁሩ?»

ወይ እኔን! ምን ቆርጦኝ!

«ቢጫው ነዋ!» አለ ገመቹ። «ይሄም ይጠየቃል?»

«ጥቁሩ» አለ ዳዊት፣ ጁሱን እያየ።

«የጥቁሩ ሰውዬ እኮ ሰነፍ ነው፤ ተነስቶ አይፈልገውም? አራት መቶ ገጽ ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቆ!»

«የቢጫው ሰውዬ ደግሞ ከብት ነው። ከብት እንኳ የወጣበትን በረት ዞሮ ያያል።»

«እኔን ነው ከብት ያልከኝ?»

«ሰውዬውን ነው።»

«ሰውዬውን የምወደው እኔ ነኝ! እሱ ከብት ከሆነ እኔ ምን ልሆን ነው?»

በዚህ ጊዜ የጎረቤት ጠረጴዛ ተነሳ። «ልጁ እውነቱን ነው፣ ጥቁሩን የሚያህል የለም!» አለ አንዱ። «ጥቁሩን የሚወደው እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ነው!» አለ ሌላው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ለቢጫው መሰከረ። እኔ መሃል ቆሜ «ኧረ ማሎ፣ ኧረ ተዉ!» እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል። ዳዊት ተነስቶ ሻንጣውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ሌላ ሚዜ ፈልግ» አለ። ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሌንሴ ደወለችልኝ። እንደምን አደርክ እንኳ አላለችም።

«አንተ ነህ አሉ የጠየቅከው?»

«ሌንሴዬ፣ ለጨዋታ ያህል ነው እኮ...»

«ገመቹ ሌሊቱን አልተኛም። ዳዊት ከሌለ ሰርጉ ይቅር እያለ ነው። ካርድ ታድሏል፣ ድንኳን ተይዟል፣ እናቴ ቅቤ አንጥራለች። ወንድሜ ሚዜ ይሁን ስለው ‹እኔና ዳዊት በልጅነታችን የተማማልንበት ነው› አለኝ። አስታርቃቸው። ሳታስታርቃቸው አምቦ ብመጣ ውርድ ከራሴ!»

ጃኬቴን አንጠልጥዬ ወደ ኦቦ ዳባ ቤት በረርኩ። ኦቦ ዳባ ጡረታ የወጡ መሬት ለኪ ናቸው። ከአምቦ እስከ ሸነን ባለው አገር ውስጥ ያልረገጡት ድንበር፣ ያላስታረቁት ባለ ድንበር የለም። ጃርሱማ፣ ማለትም ሽምግልና፣ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሳቸውን ነው።

«የመሬት ነው የጋብቻ?» አሉኝ።

«የመጽሐፍ ነው ኦቦ።»

«ማን የማንን ወሰደ?»

«ማንም ምንም አልወሰደም። የትኛው ይሻላል በሚል ነው የተጣሉት።»

ኦቦ ዳባ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፣ አድርገውም አዩኝ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እናንተ ልጆች ሥራ የላችሁም?» ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ግን አሳዘንኳቸው መሰለኝ። «ቶሌ፣ እሺ። ግን እኔ መሬቱን በእግሬ ሳልረግጥ ፈርጄ አላውቅም። ሁለቱንም መጽሐፍ አምጣ። ለብርቄም ንገራት።»

አዴ ብርቄ የኦቦ ዳባ ጎረቤት ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው አጥር አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው፣ ወንፊትና ወሬ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሽማግሌነትም አብረው ነው የሚቀመጡት። ኦቦ ዳባ ድንበሩን ይለካሉ፣ አዴ ብርቄ የሰዎቹን ፊት ያያሉ። እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። ለምን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ፤ ኦቦ ዳባ «ያነደደው ራሱ ያጥፋ» ብለው ነው።

ጥቁሩን ዳዊት ራሱ አመጣልኝ፣ ትራክተሩ ላይ ሌላ ፕላስቲክ ጨምሮ። የገመቹ ቢጫ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ተውሶ ሸነን የቀረ ነው፤ የወሰደው አንድ መምህር ነው። እሑድ በሚኒባስ ሄድኩ። መምህሩ መጽሐፉን ከፍራሹ ሥር አወጣ፣ ደረቱ ላይ ያዘው፣ አልሰጥም አለ። አሥራ አንድ ጊዜ አንብቦታል። የሰው ሰርግ ሊፈርስ ነው ስለው አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ መታወቂያዬን አስያዝኩ። ፎቶዬን ከፊቴ ጋር አስተያየና «ይሄ አንተ ነህ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «እዚህ ላይ ግን የተረጋጋህ ትመስላለህ» አለ። እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ፤ የሸኘው እኔን እንዳይመስላችሁ።

መንገድ ላይ ከፈትኩት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ደራሲ ፊደል በዓይኔ ያየሁት። ሰውዬው ገጽ ሦስት ላይ ወጣ፤ እኔም አብሬው ወጣሁ። ገጽ ስገለብጥ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ እጄን ያዙኝ። «ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም» አሉ። አምቦ ስንደርስ እኔና ሴትዮዋ ገጽ ሠላሳ ላይ ነበርን። ሲወርዱ «መጨረሻው ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው ተቆጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እንጃ። ከቢሮ ስወጣ እየሮጥኩ አዴ ብርቄ ግቢ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ቢጫውን ጀመርኩላቸው።

«እናት የለውም ይሄ ልጅ?»

«አልተጠቀሱም አዴ።»

«ሦስት ቀን ሄደ አልክ። ምሳውን የት በላ?»

«አልተጻፈም።»

«ሦስት ቀን ምሳ ሳይበላ? ይሄ ደራሲ ተርቦ አያውቅም። ቀጥል።»

በአጥሩ ማዶ ኦቦ ዳባ ጥቁሩን ይዘዋል። እሳቸው ደግሞ በእርሳስና በማስመሪያ ነው የሚያነቡት። ሰውዬው የተቀመጠበትን ክፍል ፕላን አንስተውታል፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሁሉም በልኩ። በሁለተኛው ቀን በቀዳዳው ራሳቸውን አሾልከው ወጡ።

«በሩ ገጽ አርባ ላይ በምሥራቅ ነው፤ ገጽ ሁለት መቶ ላይ በሰሜን ሆኗል» አሉ። «ክፍሉ ነው የዞረው ደራሲው?»

«አይረብሹን፣ ዳባ! ሊያጩት ነው!» አሉ አዴ ብርቄ።

አምስት ቀን ሆነና መጽሐፎቹን ቀያየርን። ከዚህ በኋላ ነው የፈራሁት። ኦቦ ዳባ ቢጫውን ይዘው የእድር ስብሰባ ቀሩ። ሃምሳ ዓመት ገመድ ይዘው አገር ለአገር የዞሩ ሰው ናቸው፤ ሰውዬው ተራራ ሲወጣ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያለከልካሉ። አዴ ብርቄ ደግሞ ጥቁሩን ስጀምርላቸው ሽንኩርቱን አስቀመጡት። ምሳም እናትም አልጠየቁ። ሟች ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ለሦስት ቀን ብለው ወጥተው ወር ይቆዩ ነበር። «ይሄስ ሰው ጠብቆ ያውቃል» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን አራት መቶ ገጽ ቁጭ ብሎ ማንበብ የት ለምጄ! ቆሜ አነባለሁ፣ እየተንጎራደድኩ አነባለሁ፣ መስመር እስታለሁ፣ «ቀዥቃዣ፣ አንዴ ተቀመጥ!» እባላለሁ። የሽምግልናው ቀን ሲደርስ ሦስት ምዕራፍ ቀርቶን ነበር።

ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኦቦ ዳባ ግቢ ተሰበሰብን። ገመቹ በስተቀኝ፣ ዳዊት በስተግራ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አጥር አዙረው። ሁለቱም ከስተዋል። ኦቦ ዳባ መረቁ፤ አሜን አልን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኤጋ፣ እንግዲህ ልጆች፣ ሁለቱንም ረግጬ አይቻለሁ። ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ ነው። ሁለቱም ጥሩ ነው።»

እኔ ተነፈስኩ። አለቀ፣ ታረቁ፣ ሌንሴ አትገድለኝም።

«ቢጫው ግን...» አሉ ኦቦ ዳባ።

«ግን?» አሉ አዴ ብርቄ።

«ቢጫው ግን መንገድ አለው ለማለት ነው። ጥቁሩ እኮ በሩ እንኳ የት እንዳለ አይታወቅም።»

«በሩ ምን ያደርግልዎታል? የሚወጣ ሰው የለ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ ብርቄ፤ ይውጣ! ወንድ ልጅ አይደለም? እግር የለውም?»

«መውጣት ብቻ ነው እንዴ ጀግንነት? የቆየው ሰው ምንም አልሠራም?»

«ምን ሠራ? አራት መቶ ገጽ ምን ሠራ?»

አዴ ብርቄ ብድግ አሉ። «እርስዎማ ምን ያውቃሉ! በዕድሜዎ ማንን ጠብቀው ያውቃሉ? ገመድዎን ይዘው ሲዞሩ፣ ስትጠብቅዎ የሞተችው ባለቤትዎ ናት!»

የኦቦ ዳባ ባለቤት ካረፉ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ኦቦ ዳባ መጽሐፉን ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ አኖሩት፤ ቤት ገቡ፤ በሩን ዘጉት። አዴ ብርቄም የተናገሩት ራሳቸውን ያስደነገጣቸው ይመስለኛል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በቀዳዳው ሄዱ። በማግስቱ ያ ሠላሳ ዓመት የተላለፉበት ቀዳዳ በእሾህ ተደፈነ። ማን እንደደፈነው አላውቅም። ሁለቱም ጎን እሾህ ነበር።

ጉዱ ከተማውን አዳረሰው። አስታራቂዎቹ ተጣሉ ተባለ። የሰርጉን ምርቃት የሚመርቁት ኦቦ ዳባ ናቸው፤ ሙሽራዋን የሚቀበሉት አዴ ብርቄ ናቸው። ሁለቱም በየበኩላቸው «እሷ ካለች አልመጣም»፣ «እሱ ካለ አልመጣም» ብለው ላኩ። ስልኬ ጮኸ።

«ሁለት ሰው አስታርቅ ብልህ አራት አደረግካቸው?» አለች ሌንሴ። ከዚያ ግን ድምጿ ተሰበረ። «እባክህ» አለችኝ። «ገመቹ ሲናገር ሌላ ሰው ሆኖብኛል። መጽሐፍ ብቻ አይመስለኝም፣ የሆነ የደበቀኝ ነገር አለ።»

እኔ ከሰደበችኝ ይልቅ «እባክህ» ያለችኝ አንገበገበኝ። የዚያን ቀን ቢሮ መዝገብ አላገኘሁም፣ ያገኘሁትንም በሌላ መደርደሪያ ከተትኩት። በከተማው አራት ጊዜ ዞርኩ። አምስተኛው ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ለእርቅ ደጅ የቆመን ሰው መመለስ ነውር ነው። ገመቹ ዘንድ ሄድኩ፤ «በአንተ ሰርግ የተነሳ ትልልቅ ሰዎች ተጣሉ፣ ረቡዕ ሣር ይዘህ አዴ ብርቄን ለምናቸው፣ ዳዊት እምቢ ብሏል» አልኩት። ዳዊት ዘንድ ሄድኩ፤ «በአንተ ጥቁር መጽሐፍ የተነሳ ትልልቅ ሰዎች ተጣሉ፣ ረቡዕ ሣር ይዘህ አዴ ብርቄን ለምናቸው፣ ገመቹ እምቢ ብሏል» አልኩት። ዋሽቻለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ፣ እያንዳንዱ አንድ እፍኝ ሣር ይዞ፣ አዴ ብርቄ በር ላይ ተገጣጠሙ። ሁለቱም አጥሩ ሥር የቆምኩትን እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው ስድብ ነው። ሣር የያዘ ሰው ግን አይመለስም፣ አይሳደብም፤ ጎን ለጎን ቆሙ።

አዴ ብርቄ ወጡ። ሣሩን አዩ፣ ልጆቹን አዩ። ከእሾሁ ማዶ የኦቦ ዳባ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ያዳምጣሉ።

«ስለ እኛ ብለው ይታረቁ አዴ» አለ ገመቹ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«እናንተ ሳትታረቁ?»

አዴ ብርቄ ወደ ዳዊት ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ያ የምትወደው ሰውዬ የሚጠብቀው ጓደኛ የት ሄዶ ነው?»

ዳዊት ሣሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እኔ ልንገርህ። ገጹን አላውቅም፣ ይሄ ቀዥቃዣ ሲያነብልኝ ግን ሰምቻለሁ። አግብቶ ሌላ አገር ሄዷል። እመጣለሁ ብሎ ነው የሄደው። እስካሁን አልመጣም።»

ዳዊት አፉን ሊከፍት ሲል እጃቸውን አነሱበት። «መጨረሻውን እንዳትነግረኝ! ሦስት ምዕራፍ ይቀረኛል። የጠየቅኩህ ስለ ራስህ ነው።»

ገመቹ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው።

«ለዚህ ነው?» አለ። «ነቀምቴ እኮ ሩቅ አይደለም። ጠዋት የተነሳ ሰው...»

«አውቃለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ» አለ ዳዊት። «መጀመሪያ በየሳምንቱ ትመጣለህ። ከዚያ ለበዓል ትመጣለህ። ከዚያ ትደውላለህ። ደብዳቤውን ስትሰጠኝ እየሳቅክ ነበር። ‹አንተስ?› አላልከኝም። አንዴ እንኳ።»

«ታዲያ እንዲህ አትለኝም? ሰውዬውን ከብት ከምትለው!»

«መች ስለ ሌላ ነገር አውርተን እናውቃለን? ስለ መጽሐፍ ካልሆነ በምን ልንገርህ?»

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ። ከማዶ ወንበሩ ሲጢጥ ማለቱን አቆመ። ገመቹ ሣሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ አዛወረ፤ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«ደስ ብሎኝ አይደለም የሳቅኩት። ፈርቼ ነው። እዚያ ከሌንሴ በቀር አንድ ሰው አላውቅም። ቤት ፈልግ ካለችኝ ወር አለፈኝ፤ እሷ አክስቷ ቤት ነው ያለችው። ዛሬ ነገ እያልኩ አንድም ቀን አልሄድኩም። ማታ ማታ ቢጫውን በቃሌ እየደገምኩ ነው የምተኛው። ሰውዬው ሳይፈራ እንዴት እንደሚወጣ ይገባኝ እንደሆነ ብዬ።»

«ገባህ?»

«አልገባኝም። ደራሲው አልጻፈውም።»

አዴ ብርቄ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ወደ እሾሁ ሄዱ። «ዳባ!» አሉ። «ስለ ሟቿ የተናገርኩት ከአፌ አምልጦኝ ነው። ማሎ፣ ይቅር ይበሉኝ።» ከዚያ ከማዶ አንድ የእሾህ ቅርንጫፍ ሲጎተት ሰማን፤ ቀጥሎ ሌላ። «አንቺ እውነትሽን ነው» አሉ ኦቦ ዳባ፣ ፊታቸው ሳይታይ። «ትጠብቀኝ ነበር።»

ዳዊት በዚያ መሃል ሣሩን አዴ ብርቄ እግር ሥር አኖረ። ሱሪውን አራገፈና ወደ ገመቹ ሳይዞር ተናገረ።

«ነገ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አብረን ነቀምቴ እንሄድና ቤት እንፈልጋለን። ቅዳሜ ለሰርግ ዝግጅት እንመለሳለን።»

«ለእንግዳ የሚሆን ክፍል ያለው ቤት» አለ ገመቹ።

«እሱን እኔ ነኝ የማየው። በሩ በየት በኩል እንደሆነም አያለሁ።»

ገመቹ ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ወረደ፤ ዳዊት ትከሻውን ያዘው። እኔ ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም። ደስታው እግሬን ያዘኝ፣ ጣቴን ያዘኝ፣ አፌ ላይ ደረሰ።

«እኔም ልምጣ? ሦስት ሆነን ብንፈልግ ቶሎ እናገኛለን!»

«አንተ አትመጣም!» አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ። ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው።